ላይኛው መደርደሪያ ባዶ፣ ወለሉ ሙሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ርዕሱም ደስ የሚል አይደለም። ስለ አስከሬን ማቆያ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። በማታ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ የማይመቻችሁ ነገ ጠዋት አንብቡት። ግን አንብቡት፤ ገንዘባችሁን ልትሰጡበት ነውና።

ነገሩ የተነሳው የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ነው። እምድብር ተምረው ዛሬ መርካቶም፣ ወልቂጤም፣ ውጭ አገርም ያሉ ልጆች ለአካባቢያችን ጤና ተቋም «የሬሳ ፍሪጅ» ለመግዛት ማዋጣት ጀምረዋል። ተባረኩ፤ እኔም የአቅሜን ጥያለሁ። ክርክሩ ግን «ስንት ሰው የሚይዝ ይሁን?» የሚለው ላይ ቆመ። አንዱ «ስድስት ይበቃል» አለ። ሌላው «ከገዛን አይቀር ሰው የሚገባበት ትልቅ ክፍል ይሁን፣ አሥራ ስምንት የሚይዝ» አለ። ሠላሳ ያለም አልጠፋም። በመጨረሻ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ እርሶስ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚያ በሁለት መስመር የምመልሰው አልሆነልኝም፤ ለዚህ ነው እዚህ የመጣሁት።

መጀመሪያ ማንነቴን ላስታውሳችሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። በዲፕሎማዬ ፊዚክስ የማስተምር፣ ሰው ሲጎድል ሒሳብም ደርቤ የምይዝ መምህር ነኝ። ይሄ ጉዳይ ግን አብዛኛው የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቀሪው ደግሞ ያየሁት ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አጎቴ አረፉ። የበኩር ልጃቸው አረብ አገር ነበረች፤ «አባቴን ሳላይ እንዳትቀብሩብኝ» አለች። ሽማግሌዎች ተመካከሩና ሁለት ሌሊት እንዲቆዩ ተወሰነ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቀዝቃዛ ክፍል አለው፤ ያውም ሰው ቆሞ የሚገባበት። በሩ ላይ «18» የሚል ቁጥር ተጽፏል። ደስ አለን።

በሩ ሲከፈት ሦስት ፎቅ መደርደሪያ አየን። ላይኛው ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፤ ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ተቀምጦበታል። ወለሉ ላይ ግን አራት ሰዎች ተኝተዋል። እንዴት እንደዚህ ይሆናል? ጠባቂው አዘነና አሳየን። ማስተኛዎቹ እግራቸው ወደ ግድግዳ፣ ራሳቸው ወደ መተላለፊያው ሆነው ነው የተደረደሩት። መተላለፊያው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝመውን ማስተኛ ስትስበው ግማሹ ብቻ እንደወጣ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ተሽከርካሪው አልጋ በበሩ ገብቶ አይዞርም። ላይኛው ፎቅ ላይ ለማውጣት ማንሻ መሣሪያ የለም፤ ጠባቂው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ላይኛው ባዶ፣ ወለሉ ሙሉ።

አጎቴን እኔና የአጎቴ ልጆች በብርድ ልብስ ይዘን አስገባናቸው። በሕይወታቸው ማንም ከፊታቸው ቀድሞ የማይቀመጥ ሰው ነበሩ። እግራቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መሬት ላይ የተኛ የሰው አባት እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅሁ ነበር የምራመደው። ልጃቸው መጥታ ስትጠይቀኝ «በደህና ቦታ ነበሩ» አልኳት። ዋሸሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ ሐሳቤን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልበለው፤ የቀዝቃዛ ክፍል አቅም የሚለካው በመደርደሪያው ቁጥር ሳይሆን አንድ ሠራተኛና አንድ ረዳት ሬሳውን ሳይጎትቱና ሳይጥሉ አስገብተው ማውጣት በሚችሉበት ቦታ ቁጥር ነው። በሩ ላይ የተጻፈው 18 ውሸት ነበር። እውነተኛው ቁጥር ከግማሹም ያንሳል።

ተማሪዎቼ እስክሪብቶ አውጡ።

አንድ ክፍል እንውሰድ፤ ውስጡ ርዝመቱ 4.5 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር። አንድ ማስተኛ 2 ሜትር ርዝመትና ወደ 0.7 ሜትር ስፋት ይፈልጋል እንበል። ማስተኛዎቹን ወደ ግድግዳው ቀጥ አድርገን ብንደረድር በ4.5 ሜትሩ ላይ 6 ይገባሉ። በሦስት ፎቅ 18። ወረቀት ላይ ያምራል! ግን 3 ሲቀነስ 2 ስንት ነው? አንድ ሜትር። ያ ነው መተላለፊያው። ሁለት ሜትር የሆነ ነገር ወደ አንድ ሜትር አይወጣም፤ ይሄ ፊዚክስም አያስፈልገው።

አሁን ማስተኛዎቹን በጎን በኩል ከረጅሙ ግድግዳ ጋር እናስጠጋቸው። በአንድ ግድግዳ 2፣ በሌላው 2፤ በአንድ ፎቅ 4 ማለት ነው። ሁለቱ መደርደሪያዎች 1.4 ሜትር ይወስዳሉ፤ መሐል 1.6 ሜትር ይቀራል። ተሽከርካሪው አልጋ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ከማስተኛው ጎን ይቆማል፣ ሬሳውም ወደ ጎን ተንሸራቶ ይተላለፋል። ሁለት ፎቅ ከሆነ 8፣ ሦስት ፎቅ ከሆነ 12። ሦስተኛው ፎቅ የሚቆጠረው ግን ማንሻ መሣሪያ ከተገዛና ከተጠገነ ብቻ ነው። ካልሆነ የእኛ ቁጥር 8 ነው፤ በሩ ላይም 8 ተብሎ ይጻፍ።

አንድ ክፍል፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ወጪ። የመጀመሪያው 18 ብሎ ሰውን ወለል ላይ ያስተኛል። ሁለተኛው 8 ብሎ ስምንቱንም በክብር ያሳርፋል።

ይሄን ለጉራጌ ሰው ማስረዳት አይከብድም ብዬ አስባለሁ። ጀፎረአችንን አስቡት። አያቶቻችን መሬት ተርፏቸው አይደለም መንደር መሐል ያን የሚያህል ሰፊ ሣር የተዉት። ሠርግ የሚያልፍበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ለቅሶ የሚቆምበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ነው። «ባዶ ቦታ ነው፣ ቤት እንሥራበት» ያለ ሰው የመንደሩን ቤት ቁጥር ይጨምር ይሆናል፤ መንደሩን ግን ያፈርሰዋል። የቀዝቃዛው ክፍል መተላለፊያም ጀፎረው ነው።

አሁን ወደ «ስንት?» እንምጣ።

ብዙዎቻችሁ «በዓመት ስንት ሰው ይሞታል?» ብላችሁ ጀመራችሁ። ጥያቄው እሱ አይደለም። ሁለት ቁጥር ነው የሚያስፈልገው፤ ስንት ሬሳ ይገባል፣ እያንዳንዱስ ስንት ቀን ይቆያል። ሁለቱን አባዙ። ለምሳሌ በሳምንት 2 ሬሳ ቢገባና እያንዳንዱ 3 ቀን ተኩል ቢቆይ፣ በሳምንት 7 የሬሳ ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል በአማካይ በማንኛውም ቀን 1 ሬሳ አለ ማለት ነው። ቆይታው ወደ 7 ቀን ቢያድግ የሞተው ሰው ሳይጨምር አማካዩ 2 ይሆናል።

«አማካዩ አንድ ከሆነ አንድ ቦታ ይበቃላ!» የሚል ተማሪ አላጣም። አይበቃም ልጄ። ሞት ወረፋ ይዞ አይመጣም። ሞቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ በስተቀር የዕድል ስሌቱ እንዲህ ይላል፦ አማካዩ 1 ሲሆን ከ100 ቀን በ8ቱ ከ2 በላይ ሬሳ ይኖራል፣ በ2ቱ ገደማ ደግሞ ከ3 በላይ። ስለዚህ ለአማካይ አንድ ቢያንስ አራት ቦታ ያስፈልጋል። ለአማካይ ሁለት ግን ስምንት አያስፈልግም፤ ስድስት ወይም ሰባት ይበቃል።

አሁን ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው። መንገድ ላይ መኪና የገጨው፣ ዘመድ ያልመጣለት፣ ፖሊስ «ምርመራ አላለቀም» ያለበት። እንዲህ ያለ አንድ ሬሳ 60 ቀን ቢቆይ፣ በዓመት ደግሞ ስድስት እንዲህ ያሉ ቢመጡ፣ 6 ጊዜ 60 ስንት ነው? 360። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ተያዘ ማለት ነው። ስድስት ሰው ብቻ! ይሄን ቦታ በብር ከመግዛት ይልቅ በወረቀት ማስለቀቅ ይቻላል። ፖሊስ፣ ሆስፒታሉና ማዘጋጃ ቤቱ ተቀምጠው «ፎቶ ይነሳ፣ ምልክቱ ይመዝገብ፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ዘመድ ካልመጣ በቁጥር በታወቀ መቃብር ይቀበር» ብለው ቢስማሙና ቆይታው ወደ 20 ቀን ቢወርድ፣ የዚያ ቦታ ሁለት ሦስተኛው ነፃ ይወጣል። አንድ ሳንቲም አልወጣም።

የምርመራውንም ነገር ታውቁታላችሁ። የአስከሬን ምርመራ ሲታዘዝ ለረጅም ዘመን መድረሻው አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከወልቂጤ እንኳ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪና እስኪገኝ፣ ደብዳቤ እስኪፈረም፣ አጃቢ ፖሊስ እስኪመደብ ሬሳው የሚቆየው እዚህ ነው። የቆይታ ቀን ማለት ይሄ ነው፤ በሽታ አይደለም፣ ማኅተም ነው።

ታዲያ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ቢሞትስ? እሱን አልረሳሁትም። መስቀልና አረፋ ሲደርስ መንገዳችን ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም፤ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው መኪና፣ እንቅልፍ ያጣው ሾፌር፣ ዝናቡ። አንድ ሚኒባስ ብቻ ስሌቱን ያፈርሰዋል፤ ሞቶቹ የተያያዙ ናቸውና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቆሼ (የማረቆውን አይደለም የምለው) ቆሻሻው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ አልቋል። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚበቃ ክፍል እንሥራ ካልን ዓመቱን ሙሉ ባዶ ክፍል እያቀዘቀዝን መብራት እንከፍላለን። ለዚያ ቀን የሚያስፈልገው ሌላ ዕቅድ ነው፤ ጥላ ያለው የተከለለ ግቢ፣ የተዘጋጀ የሬሳ ከረጢትና የቁጥር መለያ፣ የሚቀዘቅዝ ኮንቴይነር ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ስልክ። ለሚኒባሱ ቀን ደግሞ ሦስተኛውን ፎቅ በመጠባበቂያነት እንያዘው። ማንሻው ለዚያ ይገዛ።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ፤ ቶሎ እጨርሳለሁ።

ቀዝቃዛ ክፍል ሬሳን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያቆያል፤ መበስበስን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። የ60 ኪሎ ሰው ከ37 ዲግሪ ወደ 4 ለማውረድ ሊወጣ የሚገባው ሙቀት በግምት 60 ጊዜ 3.5 ጊዜ 33 ነው፤ 7 ሺህ ኪሎጁል ገደማ፣ ወይም ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ ሰው ሲገባ ማሽኑ አይሰማውም። አምስት ሰው በአንድ ከሰዓት ሲገባ ግን 10 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው፤ በዚያ ላይ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚገባው አየር። ሻጩ «ባዶውን 4 ዲግሪ ይይዛል» ቢላችሁ አትመኑት። «አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲገባ በስንት ሰዓት ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሬሳ በሬሳ ላይ ሲደረብም ቀዝቃዛው አየር መሐል አይገባም፤ የላይኛው ቀዝቅዞ የታችኛው ይበላሻል። ለዚህ ነው መደርደሪያው በወንፊት ወይም በዘንግ የተሠራ፣ ከግድግዳውም ትንሽ የራቀ መሆን ያለበት።

መብራት እንደሚሄድ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጄኔሬተር የሌለው ቀዝቃዛ ክፍል በደንብ የታሸገ ምድጃ ነው። ጄኔሬተሩ ይገዛ፣ የናፍጣው ሒሳብም ከማን ኪስ እንደሚወጣ ዛሬ ይጻፍ። ቴርሞሜትሩ ከውጭ የሚነበብ ይሁን። በሩ ከውስጥም የሚከፈት ይሁን፤ ሕያው ሠራተኛ ውስጥ እንዳይቆለፍበት።

ሁለት ተቃውሞ ደርሶኛል። ሁለቱንም አከብራለሁ።

የመጀመሪያው፦ «ለሞተ ሰው ፍሪጅ ከምትገዙ ለሕያው መድኃኒት ግዙ።» እውነት አለው። መድኃኒትና ቀዝቃዛ ክፍል ከቀረበልኝ መድኃኒቱን እመርጣለሁ። ግን የወለሉ ነገር የሕያው ጉዳይም ነው። ወለል ላይ የሚያስተኛ ጠባቂ ወገቡ ይሰበራል። ሬሳ የተቀያየረበት ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን አይድንም። ደግሞ አነስ ያለ፣ በልኩ የተሠራ ክፍል ማለት ለመድኃኒት የሚተርፍ ገንዘብ ማለት ነው። 18 ያላችሁትን 8 ያልኩት ለዚህም ነው።

ሁለተኛው ከሙስሊም ወንድሞቼ ነው፦ «እኛ በዕለቱ እንቀብራለን፣ ይሄ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ልክ ናችሁ፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ድሮ ብዙ አይቆይም ነበር። ግን አደጋ የደረሰበት፣ ምርመራ የታዘዘበት ሰው በሃይማኖት አይለይም። ለእናንተ ከመደርደሪያው ይልቅ መውጫው ነው የሚጠቅመው፤ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ፈርሞ የሚያስረክብ ሰው መኖሩ። አጠገቡም ንጹሕ ውኃና ፍሳሽ መውረጃ ያለው ክፍል ይሠራ፤ እናንተ የምታጥቡበትና የምትከፍኑበት፣ እኛም የምንገንዝበት። አንድ ክፍል፣ ሁለት በር፤ አንዱ ወደ ቀዝቃዛው፣ አንዱ መኪና ወደሚቆምበት፣ ሬሳው በተራ ወረፋው መሐል ሳያልፍ።

አንድ የረሳነው ነገርም አለ፤ ሣጥን። ከውጭ አገር በቦሌ የሚመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በሣጥን ነው የሚመጡት። ሣጥኑ ማስተኛው ላይ አይገባም፤ ሰፊም ረጅምም ነው። በስምንቱ ላይ ሳይቆጠር ወለሉ ላይ ለሁለት ሣጥን የሚሆን ከፍ ያለ መቀመጫ፣ በልኩም ሰፊ በር ያስፈልጋል። በሩ ከተሠራ በኋላ ሰፊ አይሆንም። ለእነዚህ ሣጥኖች ሲባልም ክፍሉ ከላይ ከቆጠርኩት 4.5 ሜትር ትንሽ ይርዘም።

እንግዲህ ያልኩትን ወደ ሥራ ልለውጠው። ገንዘቡን ከመላካችን በፊት የሚሆነው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ መዝገቡ ይቆጠር። ጤና ተቋሙ ከፈቀደ፣ ስም ሳይወጣ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የገቡበትና የወጡበት ቀን ብቻ ይጻፍ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀን ስንት እንደነበሩ ይቆጠር። ይሄን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ይጨርሰዋል፤ እኔ አብሬ እቀመጣለሁ። የእኔ 8 ምሳሌ ነው፤ መዝገቡ 5 ካለ 5፣ 10 ካለ 10 ይሁን።

ሁለተኛ፣ ኖራ ይዛችሁ ሜዳ ላይ ስሉት። ክፍሉን በልኩ መሬት ላይ አስምሩ፣ አግዳሚ ወንበር እንደ መደርደሪያ አስቀምጡ፣ እውነተኛውን ተሽከርካሪ አልጋ ከሆስፒታሉ ተዋሱ፣ አንድ ጎረምሳ አስተኝታችሁ አስገቡና አውጡ። የሚጋጨው ነገር በኖራ ላይ ይጋጭ። በአንድ ብር ኖራ የሚታየውን ስህተት በሲሚንቶ ከሠራነው በኋላ ማንም አያርመውም።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ለሚሠራው ሰው ጠይቁ። በስብሰባችሁ ሐኪም አለ፣ ነጋዴ አለ፣ መሐንዲስ አለ። ጠባቂው ግን የለም። ስንት ኪሎ ማንሳት እንደሚችል፣ ሌሊት ማን እንደሚረዳው እሱ ነው የሚያውቀው።

አራተኛ፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለጥገናና ለናፍጣ ተለይቶ ባንክ ይቀመጥ። ማሽን መግዛት ፎቶ አለው፣ ሪባን መቁረጥ አለው። ማስጠገን ፎቶ የለውም። ግን አጎቴን ወለል ላይ ያስተኛው የፎቶ እጥረት አልነበረም።

እኛ ዕድር የምናውቅ ሕዝብ ነን። ድንኳኑ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ወንበሩ ስንት እንደሆነ፣ ድስቱ ስንት እንደሚያበስል የዕድር ዳኛ በቃሉ ያውቃል፤ ለለቅሶተኛው ይሄን ሁሉ እንቆጥራለን። ለሟቹ ደግሞ እንቁጠርለት።

የአጎቴ ልጅ ይህን ጽሑፍ ታነበው ይሆናል። እህቴ፣ ያኔ የነገርኩሽ እውነት አልነበረም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፍሉ በልኩ ከተሠራ ሌላ ሰው ለሌላ ልጅ «በደህና ቦታ ናቸው» ሲል እውነቱን ይሆናል።

ነፍስ ይማር። ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ሆስፒታል የምትሠሩና ግንባታ የተማራችሁ ልጆቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ድሮ እኔ ነበርኩ በቀይ የማርማችሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።